ስልሳ ሰው፣ ስድስት ቡድን፣ ሁለት ጥቁር ፌስታል

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። ደሴ ውስጥ የወጣቶች ስልጠና አስተባብራለሁ። ለሦስት ቀን 60 ሰልጣኞች ይመጣሉ፤ 18ቱ ሴቶች ናቸው። የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች አሉ። በየቀኑ አሥር አሥር እያደረግኩ 6 ቡድን መመደብ አለብኝ። ባለፈው ዙር ‹ከ1 እስከ 6 ቁጠሩ› አልኳቸው፤ ጓደኛሞች ወንበር እየተቀያየሩ ተሰባሰቡ። በማግስቱ ዕጣ አወጣሁ፤ አንዱ ቡድን ውስጥ አንዲትም ሴት ሳትገባ ቀረች። ‹አጭበርብረሻል› የሚልም መጣ። በኤክሴል ላድርገው? ወይስ ዝም ብዬ ራሴ ደበላልቄ ልመድባቸው? ውጤቱ ካላማረኝስ ደግሜ ማውጣት እችላለሁ?»

ሰላም እህቴ። «ዝም ብዬ ራሴ ደበላልቄ» የምትዪውን አስቀድመሽ ተዪው። እዚህ ኮምቦልቻ ስታቲስቲክስ ሳስተምር 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጭንቅላቱ ዕጣ ማውጣት የሚችል ሰው አልገጠመኝም። እኔም አልችልም።

ተማሪዎቼን በየዓመቱ አንድ ነገር አሠራቸዋለሁ። ግማሾቹ ሳንቲም 20 ጊዜ እየወረወሩ ዘውድ ወይም ጎፈር ብለው ይጽፋሉ። ግማሾቹ ምንም ሳይወረውሩ 20 ውጤት ከጭንቅላታቸው ፈጥረው ይጽፋሉ። እኔ ውጭ እቆያለሁ። ተመልሼ ወረቀቶቹን ሳይ የትኛው ከጭንቅላት እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ አውቃለሁ። ልጆቹ አስማት ይመስላቸዋል። የእውነት ሳንቲም አራት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት መውጣት ምንም አይመስለውም። በ20 ውርወራ ውስጥ ይህ የመከሰት ዕድሉ ከ100 ወደ 77 ይጠጋል። ከጭንቅላቱ የሚጽፈው ልጅ ግን ሦስት ዘውድ ከደረደረ በኋላ እጁ ይፈራል። «በቃ፣ አሁንማ ጎፈር ይሁን» ይላል።

አንቺም 60 ስም ይዘሽ ስትቀመጪ እንደዚያው ነው የምትሆኚው። ሁለቱን ለፍላፊዎች ትለያያለሽ። ዝምተኛዋን ልጅ ደግ ሰው ያለበት ቡድን ትከቻለሽ። ትናንት ያናደደሽንም ልጅ ሳታውቂው አንድ ጥግ ታስገቢዋለሽ። ክፋት ኖሮብሽ አይደለም፤ የሰው እጅ እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ላማርር። በመማሪያ መጽሐፍ ይህን ነገር «የዘፈቀደ አመዳደብ» እንለዋለን። ቃሉን አልወደውም። ግዕዙን ብትፈቺው ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ነው። ፈቃድ የምንለውም ከዚያው ነው። እንግዲህ ዘፈቀደ «የፈለገውን» እንደማለት ይሆናል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ የማንም ፈቃድ ያልገባበትን። ስለዚህ በዚህ መልስ ውስጥ «ዕጣ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ገበያ ላይ ያሉት ሰዎች ከእኛ ከመምህራኑ የተሻለ ቃል ይዘዋል።

አሁን ወደ «አጭበርብረሻል» ባዩ። ልጁ ምናልባት እውነት አይቶ ይሆናል። ሁለት የማይለያዩ ጓደኛሞች አንድ ቡድን ሲወድቁ አይቷል። ግን እስቲ እናስላው። የአንደኛዋ ቡድን ታወቀ እንበል። ለጓደኛዋ 59 ቦታ ይቀራል፤ ከእነዚያ 9ኙ እዚያው ቡድን ውስጥ ናቸው። ዕድሉ 15 በመቶ ገደማ ነው። ከ60ው ሰው ውስጥ 30 ጥንድ የልብ ጓደኛ ካለ፣ ንጹህ ዕጣ ብታወጪም በአማካይ 4 ወይም 5 ጥንድ አንድ ላይ ይወድቃል። ይህን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ንገሪያቸው። «ዛሬ አራት አምስት ጥንድ ጓደኛሞች አንድ ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ አትገረሙ» በያቸው። ከወጣ በኋላ ካልሽው ሰበብ ይመስላል።

ያለ ሴት የቀረው ቡድንም እንዲሁ ነው። 18 ሴቶችና 42 ወንዶች አንድ ላይ ተደባልቀው ዕጣ ቢያወጡ፣ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ቡድን ያለ ሴት የመቅረቱ ዕድል 11 ወይም 12 በመቶ ነው። ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ያህል። አንቺ ላይ ደረሰ፣ በቃ። ዕጣሽ የተበላሸ አልነበረም። ብቻ ዕጣ ከመሆኑ በፊት መሠራት የነበረበት ነገር ቀርቷል። እመለስበታለሁ።

«ከ1 እስከ 6 ቁጠሩ» ለሃያ ደቂቃ ጨዋታ ይበቃል። ለሦስት ቀን ስልጠና ግን አይሆንም። ችግሩ ቁጥሩ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ጎረምሶቹ ከመቁጠራቸው በፊት ቁጥሩን በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ ሰሌዳው አልታየኝም» ብሎ ወንበር መቀየር ነው። ባይቀያየሩም ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁልጊዜ ይለያያሉ፤ በስድስት ወንበር የተራራቁት ሁልጊዜ ይገናኛሉ። ዕጣ ሁልጊዜ የሚባል ነገር አያውቅም።

የስም ዝርዝሩን በፊደል ተራ ደርድሮ አሥር አሥር መቁረጥም ወሎ ላይ አደጋ አለው። አስቢው። መሐመዶቹ ሁሉ መ ላይ ተኮልኩለዋል። አህመድ፣ አሊ፣ አብዱ አ ላይ ናቸው። ወልደ እና ገብረ ብለው የሚጀምሩትም በየራሳቸው ቦታ ተሰልፈዋል። አሥር አሥር ስትቆርጪ ሳታስቢው ሰውን በሃይማኖት ከፍለሽ አረፍሽ። ያውም «አይጠየፍ» የሚባል አዳራሽ ባለበት ከተማ! ሌላም ጣጣ አለ። አንዱ ስሙን ኃይሌ ብሎ በኀ ይጽፋል፣ ሌላው በሀ፣ ሌላው በሐ። ኤክሴል ሦስቱን የተለያየ ፊደል ነው የሚያያቸው፤ ሞክሼ የሚባል ነገር አያውቅም። በልደት ቀን ልደርድር ካልሽም፣ የስንቶቻችን ልደት ነው ወረቀት ላይ መስከረም 1 የሆነው?

ሳንቲም ወይም የሉዶ ዳይስስ? ዳይስ ስድስት ገጽ አለው፣ ቡድንሽም ስድስት ነው፤ የተገናኙ ይመስላል። ግን ሁሉም ሰው እየወረወረ የወጣለት ቡድን ይግባ ካልሽ ቡድኖቹ እኩል አይሆኑም። ስድስቱም ቡድን ልክ አሥር አሥር ሆነው የሚወጡት ከ13 ሺህ ጊዜ አንዴ ያህል ነው። አንዱ ጋ 15፣ አንዱ ጋ 6 ይሆንና እንደገና «አንተ ወደዚያ ሂድ» ይጀመራል። ያኔ ደግሞ ያንቺ ፈቃድ ገባ።

የሚገርመው ጥሩውን ዘዴ ልጆች ሆነን እናውቀው ነበር። ሆጤ ሜዳ ኳስ ስንጫወት ሁለት አምበሎች ይቆማሉ። የቀረነው በአቅም የምንመጣጠን ሁለት ሁለት ሆነን ዞር እንላለን። በሹክሹክታ ስም እናወጣለን፤ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ ብር። እንመለስና «ወርቅ ወይስ ብር?» እንላለን። አምበሉ ማን ወርቅ እንደሆነ አያውቅም። ከመረጠ አለቀ። ሁለት ጎበዝ በረኞች አንድ ቡድን መግባት አይችሉም፣ አምበሉም የሚወደውን መጎተት አይችልም። ይህ በእኛ ሙያ በጥንድ አመዛዝኖ ዕጣ ማውጣት የሚባለው ነው፤ የሕክምና ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። እኛ ከማትሪክ በፊት ነበር የተማርነው።

ላንቺም መልሱ ያለው እዚያ ነው። ሚዛናዊ እንዲሆን የምትፈልጊውን ነገር አስቀድመሽ ለይተሽ አውጪ፣ የቀረውን ለዕጣ ተዪ። አንቺ የምትፈልጊው ሴቶቹ እንዲዳረሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ፌስታል ያዢ። ጥቁር ይሁን፣ የማያሳይ። የሴቶቹ ውስጥ 18 ዕጣ ይገባል፤ ከ1 እስከ 6 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ሦስት ጊዜ ተጽፎ። የወንዶቹ ውስጥ 42፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሰባት ሰባት ጊዜ። ቁጥሮችሽ ለስድስት እኩል መካፈላቸው ዕድለኛ ያደርግሻል። ሁሉም ቡድን 3 ሴትና 7 ወንድ ይሆናል። የትኛዋ ሴት የት እንደምትገባ ግን ማንም አያውቅም።

«የኮምቦልቻዎቹንም ልለያቸው?» ትዪ ይሆናል። ከሆነ አራት ፌስታል ያስፈልግሻል። «የትምህርት ደረጃስ?» ካልሽ ስምንት። እንዲህ እያልሽ ስትሄጂ አንድ ፌስታል ውስጥ ሁለት ሰው ይቀርና ዕጣነቱ ስም ብቻ ይሆናል። የሐረጎን ዳገት የሚወርድና የሚወጣ ሰው በሁለቱ ከተማ መካከል ያን ያህል ልዩነት ያያል ብዬ አላምንም። ተዪው። ለእኩል ችሎታ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ኮምፒውተር የሚያውቁ ስድስት ልጆች ብቻ ካሉሽና በየቡድኑ አንድ አንድ ካስፈለገ፣ እነሱን ለብቻ ማውጣት ተገቢ ነው። በቡድን ቁጥራቸው ልክ ከሴቶቹ ወይም ከወንዶቹ ፌስታል ዕጣ መቀነስ እንዳትረሺ። ትምህርት ቤት «አንድ ለአምስት» ይባል የነበረው አደረጃጀት ጎበዙን በመምህሩ ምርጫ ነበር የሚያስቀምጠው። ጎበዞቹን ለይቶ ለእነሱ ብቻ ዕጣ ማውጣት ቢኖር ብዙ ኩርፊያ ይቀር ነበር።

መለያየት የሌለባቸው ሰዎችም ይኖራሉ። መስማት የተሳነው ሰልጣኝና አስተርጓሚው አንድ ዕጣ ነው የሚያወጡት። ያንን ከወዲሁ በይፋ ተናገሪ። በተቃራኒው ፍርድ ቤት የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ካሉሽ፣ አንዱ መጀመሪያ ያውጣ፤ ለሁለተኛው የዚያን ቡድን ቁጥሮች ከፌስታሉ ለጊዜው አውጥተሽ አስወጪው። ምክንያቱን ለሁሉም ማስረዳት የለብሽም፤ ግን ይህን የምታደርጊላቸው ሰዎች ከሁለት ጥንድ ካለፉ ነገሩ ዕጣ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ሰው የሚንቀው ይህንን ነው፣ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። ለ48 ሰው፣ ለ4 ቡድን ነበር። ዕጣዎቹን በተራ ጻፍኩ፤ መጀመሪያ አሥራ ሁለት 1 ቁጥር፣ ከዚያ አሥራ ሁለት 2 ቁጥር እያልኩ። በዚያው ተራ እያጠፍኩ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቅኩት፣ በቃ። ፊት ረድፍ ላይ ከተቀመጡት አሥር ሰዎች ስምንቱ 4 ቁጥር አወጡ። ከኋላ አንድ አባት «ልጄ፣ ቡና እንኳ ሲቆላ በደንብ ይማሰላል» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ነደደ።

ከእኔ የባሰ የደረሰባቸው አሉ። አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን በዕጣ ስትመለምል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታየ 366 ትንንሽ ማሸጊያዎች ከአንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ወጡ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን አለ። ቶሎ የወጣ ቀን ቶሎ ይዘምታል። ማሸጊያዎቹ የተዘጋጁት ግን ወር በወር፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እየተባለ ነበር፤ ከዚያ በደንብ አልተደባለቁም። በመጨረሻ እስከ 195ኛው ቁጥር ድረስ ተጠራ። ዲሴምበር ካሉት 31 ቀኖች 26ቱ ከተጠሩት ውስጥ ነበሩ። በእኩል ቢደርስ ኖሮ 16 ወይም 17 በሆነ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በመወለዱ ብቻ ጦር ሜዳ የሄደ ወጣት አለ ማለት ነው። ያጭበረበረ ሰው አልነበረም። አለመማሰል ብቻ።

ስለዚህ ወረቀቱ ከአንድ ደብተር ይሁን። አጥፈሽ በማስመሪያ እኩል እኩል ቅደጂው። በአንድ እስክሪብቶ ጻፊ፤ በማርከር ከጻፍሽ ከጀርባ ያስታውቃል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ እጠፊ። ላላ ብሎ የታጠፈ ዕጣ በጣት ይታወቃል፤ ዕድሜውን እቁብ ሲጥል የኖረ የደሴ ነጋዴ ይህን ይነግርሻል። ከዚያ ፌስታሉ ውስጥ መነቅነቅ አይበቃም። ወረቀት እንደ ባቄላ አይንከባለልም፣ እርስ በርስ ይያያዛል። ሰፌድ ላይ አፍስሺውና በሁለት እጅሽ እያገላበጥሽ፣ እንደሚለቀም ሽንብራ፣ ሁለት ሙሉ ደቂቃ ደባልቂ። ሌላ ሰው ይድገመው። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ይግባ።

ካርታ መበወዝ ከዚህ ይፈጥናል። አንድ እሽግ ካርታ በሁለት ከፍለው እያነባበሩ ቢበውዙት ሰባት ጊዜ ገደማ በቂ መሆኑን ባየርና ዲያኮኒስ የተባሉ የሂሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 አሳይተዋል። አራት ጊዜ በውዘው «በቃ» የሚሉት ገና የድሮው ቅደም ተከተል አልጠፋላቸውም። ግን ስልጠና ላይ ካርታ ማውጣት ቁማር የሚመስላቸው ታላላቆች አዳራሽሽ ውስጥ ካሉ ወረቀቱ ይሻልሻል።

«አጭበርብረሻል» ላለሽ ልጅ ደግሞ ሥራ ስጪው። ከመታጠፋቸው በፊት ዕጣዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ጮክ ብሎ እንዲቆጥራቸው አድርጊ፤ ከየቁጥሩ ሦስት፣ ከየቁጥሩ ሰባት። ሰፌዱን እሱ ያማስል። ፌስታሉንም እሱ ይያዝ፣ ከትከሻ በላይ ከፍ አድርጎ። አንቺ ፌስታሉን ጨርሶ አትንኪው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ ያውጣ፤ ከአንድ በላይ የነካ ይመልስና እንደገና ያውጣ። ሰው የራሱ እጅ ያወጣውን አይከስም።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ዕጣውን ያወጣ ልጅ ጥግ ሄዶ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል። መድኃኒቱ ጠረጴዛ ነው። ዕጣ ያወጣ ሰው እዚያው ከፍቶ ያሳያል፣ ጸሐፊዋ ስሙን ሰሌዳው ላይ ከቁጥሩ ስር ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ትቀበለዋለች። ያለ ወረቀት የሚለዋወጡት ነገር የለም።

የስም ዝርዝሩም ከዕጣው በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዕጣ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው አወጣጡ ላይ አይደለም፣ ወደ ውስጥ በገባው ስም ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው ወደ ሲስተሙ የገባው የሰው ዝርዝር ላይ ችግር ተገኝቷል ተብሎ ነው። ሕዝብ ፊት በይፋ ነበር የወጣው። የገባውን ግን ሕዝቡ አላየም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ እንደገና ከዜሮ ዕጣ ማውጣት ትችያለሽ። ዓላማሽ ሰው ከአዲስ ሰው ጋር እንዲተዋወቅ ከሆነ ግን የተሻለ አለ። የመጀመሪያው ቀን ማታ የእያንዳንዱን ሰው ስም በትንሽ ካርድ ላይ ጻፊና በቡድን በቡድን አስቀምጪ። የቡድን 1ን ሦስት ሴቶች ካርድ በውዢና ለነገዎቹ ቡድኖች 1፣ 2፣ 3 አድዪ። የቡድን 2ን ሦስት ሴቶች ለ4፣ 5፣ 6። የቡድን 3ን እንደገና ለ1፣ 2፣ 3፤ እንዲህ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ወንዶቹን፤ የየቡድኑን ሰባት ወንዶች እየበወዝሽ ከ1 እስከ 6 እያዞርሽ አድዪ፣ አንዱ ቡድን ሲያልቅ ካቆምሽበት ቀጥዪ። ስትጨርሺ ሁሉም ቡድን 3 ሴትና 7 ወንድ አለው። ማንም ሰው ከትናንት ባልደረቦቹ ከሁለት በላይ አያገኝም። ሞክሪው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«ከትናንት አንድም ሰው ሳይደገምስ አይሆንም?» በ60 ሰው አይሆንም። አዲሱ ቡድን አሥር ሰው ይፈልጋል፣ የትናንቶቹ ቡድኖች ስድስት ብቻ ናቸው። አሥር ሰው ከስድስት ቤት ሲመጣ ከአንዱ ቤት ሁለት መምጣቱ ግድ ነው። 36 ሰዎች ሆነው ስድስት ስድስት ቢሆኑ ግን ይቻላል፤ በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ አሰልፊያቸው። የመጀመሪያ ቀን በረድፍ፣ ሁለተኛ ቀን በዓምድ፤ ለሦስተኛው ቀንም ማንም ከማንም ሳይደገም የሚያዳርስ አሰላለፍ አለ። አራተኛ ቀን ከጠየቅሽ አበቃ፤ የለም። ነገሩ ከሂሳብ ሊቁ ከኦይለር የ36 መኮንኖች እንቆቅልሽ ጋር አንድ ነው፦ ከስድስት ክፍለ ጦር፣ በስድስት ማዕረግ የተመረጡ 36 መኮንኖችን በየረድፉም በየዓምዱም ክፍለ ጦርም ማዕረግም ሳይደገም ማሰለፍ። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1782 አይቻልም ብሎ ገመተ፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ታሪ እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1901 እያንዳንዱን አማራጭ በእጁ ፈትሾ እውነቱን መሆኑን አረጋገጠ። ይህን ሰው ሳስብ የእኔ ፈተና ማረም ይቀለኛል።

ኤክሴል እንዳልረሳ። ይሠራል፣ ጥሩም ነው፤ በተለይ ሰዎቹ 300 ሲሆኑ። ስሞቹን በአንድ ዓምድ ጻፊ፣ አጠገቡ ባለው ዓምድ ራንድ (RAND) የሚባለውን፣ የዕጣ ቁጥር የሚያወጣውን ፎርሙላ እስከ ታች ጎትቺ፣ በዚያ ዓምድ ሶርት አድርጊ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቡድን 1። ለሴቶቹና ለወንዶቹ ለየብቻ ሥሪው፤ የሴቶቹ ሦስት ሦስት፣ የወንዶቹ ሰባት ሰባት እየሆኑ ይቆረጣሉ። ሁለት ወጥመድ አለው። ራንድ አንድ ሕዋስ በነካሽ ቁጥር ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ይቀይራል። ስለዚህ ዓምዱን ኮፒ አድርገሽ እዚያው በቫልዩ ፔስት አድርጊው፣ ይርጋ። ሁለተኛው፣ ሶርት ስታደርጊ የስሙም የቁጥሩም ዓምድ አብረው መመረጣቸውን እዪ። አለዚያ ቁጥሮቹ ብቻ ተደርድረው ስሞቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። አንድ ባልደረባዬ በዚህ መንገድ የፊደል ተራውን «በዕጣ» ብሎ አውጥቷል።

የኤክሴል ትልቁ ችግር ግን ሰው አያየውም። ላፕቶፕ ከፍተሽ «ወጣ» ስትዪ፣ ትናንት ማታ ቤትሽ ስንቴ እንደሞከርሽው ማን ያውቃል? ጠርጣሪ ካለ ፕሮጀክተር ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁሉም እያየ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያው ሰፌድ።

«ካላማረኝ ደግሜ ላውጣ?» አይቻልም። ደስ እስኪልሽ ድረስ የምታወጪው ዕጣ ያንቺ ምርጫ ነው፣ ዘግይቶ የመጣ ምርጫ። የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ከማውጣትሽ በፊት ተናገሪው፣ ሰሌዳ ላይ ጻፊው። «እንዲህ ከሆነ ይደገማል» ተብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ካለ መድገም ነውር የለውም። አስቀድሞ ካልተጻፈ አይደገምም። ሐኪሞች ይህን የተማሩት ከብዙ ስህተት በኋላ ነው። ድሮ አዲስ መድኃኒት ሲሞክሩ አንዱን በሽተኛ ለመድኃኒቱ፣ ቀጣዩን ያለ መድኃኒቱ እያሉ ያፈራርቁ ነበር። ሐኪሙ ተራው የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ የሚያዝንለትን በሽተኛ ማስጠበቅ ይችላል። የስታቲስቲክስ ሰው የነበረው ብራድፎርድ ሂል በእንግሊዝ ስትሬፕቶማይሲን ለተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሙከራ ምደባውን በዕጣ ቁጥር አድርጎ በታሸገ ኤንቨሎፕ ውስጥ አስገባው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በሽተኛው ሙከራው ውስጥ መግባቱ ሳይወሰን ኤንቨሎፑ አይከፈትም። ሐኪሞቹን ሌባ ናችሁ አላላቸውም፤ ፈተናውን ከፊታቸው አነሳላቸው።

አንቺም ኤንቨሎፕ ያስፈልግሻል፣ ለዘገዩት። ጠዋት ስድሳው ሁሉ በሰዓቱ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ዕጣውን የምታዘጋጂው በተገኘው ሰው ልክ ነው። ለምሳሌ 16 ሴቶች ቢገኙ ለየቡድኑ ሁለት ሁለት፣ አሥራ ሁለት ዕጣ ይሆናል። የቀሩት አራት ዕጣዎች የየትኞቹ ቡድኖች እንደሚሆኑ በዕጣ ይለይ፤ ያልደረሳቸውን ሁለት ቁጥሮች ደባልቀሽ ለሚዘገዩት ሴቶች በአንድ ኤንቨሎፕ አስቀምጪ። ለወንዶቹም እንዲሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ይዟት ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰች የኮምቦልቻ ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ከእነ እገሌ ጋር ብሆን» ስትልሽ፣ ኤንቨሎፑን ዘርጊላት።